ለቤት የሚሆን የሥጋ መፍጫ

የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ በዓለ ትንሣኤ በደረሰ ጊዜ፣ ሥጋውን በቢላዋ ለመክተፍ ጊዜና ጉልበት ያነሰው አባወራ ወይም እማወራ ሁሉ ወደ ገበያ ወጥቶ የሥጋ መፍጫ መጠየቁ አይቀርምና፣ ዋጋው ሳይከብድ አገልግሎቱ የሚበረክተውን መለየት ተገቢ ይሆናል። (የክትፎ ነገር ሲነሣ ቢላዋን የሚተካ መሣሪያ አለ ብዬ ግን አልመሰክርም።)

ለመካከለኛ ቤተ ሰብ በእጅ የሚዞረው፣ 8 ወይም 10 የሚል የመጠን ቁጥር የተቀረጸበት መፍጫ ይበቃል፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ሥራው አይቋረጥም፣ የሚቃጠል ሞተርም የለውም። 22 እና 32 ቁጥር ለልኳንዳ ቤት የተገቡ ናቸው።

የመሣሪያው ኃይል ሁሉ ያለው ግን በምላጩና ቀዳዳ ባለው ክብ ብረት ላይ ስለ ሆነ፣ ከመግዛታችሁ አስቀድሞ የፊቱን ቀለበት አስፈትታችሁ፣ የምላጩን ልሙጥ ገጽ በክቡ ብረት ላይ አጋድማችሁ ወደ ብርሃን አቅኑና ተመልከቱ፤ በመካከላቸው ብርሃን ሾልኮ ከታየ፣ ያ መፍጫ ሥጋውን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። በቤትም ስትገጥሙት ልሙጡ ገጽ ዘወትር ወደ ክቡ ብረት ይዙር፤ ተገልብጦ ከገባ ውድ የተባለው መፍጫ እንኳ ሥጋውን ሊጥ ያደርገዋል፣ ወቀሳውም ያለ በደሉ በነጋዴው ላይ ይወርዳል። ጅማቱ አስቀድሞ ይውጣ፤ በምላጩ ላይ ይጠመጠማልና። መፍጫው ከታጠበ በኋላ ወዲያው ደርቆ ዘይት ይቀባ።

ነጋዴው በፊታችሁ ፈትቶ ለማሳየት እንቢ ካለ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።