የመምረጥ መብትና የአእምሮ መለኪያ፦ ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት እስከ ሽንሌ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥቷን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ስታውጅ፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ በአንቀጽ 32 ተደንግጎ ነበር። የመምረጥ መብት በመራጩ የማሰብ ችሎታ ይወሰን ወይ የሚለው፣ ዛሬ በየአገሩ ሊቃውንት ዘንድ እንደ አዲስ የሚነሳ ጥያቄ፣ በዚህ አንቀጽ አስቀድሞ «አዎ» የሚል መልስ አግኝቶ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና ሕዝቡ በቅቷል ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ በምንስ መለኪያ እንደሚወስን አንቀጹ አልተናገረም። ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላቸው ተወላጆች የመምረጥ መብት ሲሰጥ፣ በመካከሉ ሕዝቡን ፈትኖ ማለፉን ያረጋገጠ አካል አልነበረም፤ ለእጩዎች ደግሞ የተፈለገው እውቀት ሳይሆን በምርጫ ወረዳቸው ንብረት ያላቸው መሆኑ ነበር።

ጥያቄውን የሚያነሱ ሁሉ ከንቀት ተነስተው ይናገራሉ ማለት ግፍ ይሆናል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1861 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ መምረጥ በሌላው ሰው ዕጣ ላይም መወሰን ስለሆነ የተማረ ሰው ከአንድ በላይ ድምፅ ይኑረው ብሎ ነበር፤ አሜሪካዊው ጄሰን ብሬናንም በ2016 እ.ኤ.አ. ለኤፒስቶክራሲ፣ ማለትም የፖለቲካ ሥልጣን እንደ እውቀት መጠን ለሚከፋፈልበት ሥርዓት፣ ጥብቅና ቆሟል። በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሁለተኛ ድምፅ የሚሰጡበት አሠራር በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ እስኪቀር ድረስ ሲሠራበት ኖሯል። ሳያውቅ የሚመርጥ ሰው ጉዳቱ ለጎረቤቱም ይተርፋል የሚለው መነሻቸው እውነት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመለኪያው ነው። የማሰብ ችሎታ ፈተናን በማዘጋጀት ቀዳሚ የሆነው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ በ1905 እ.ኤ.አ. ፈተናውን ያወጣው በትምህርታቸው ልዩ እገዛ የሚያሻቸውን ሕፃናት ለመለየት እንጂ ዜጋን ከዜጋ ለማበላለጥ አልነበረም። ከዚህ የሚብሰው ግን ፈታኙ በውጤቱ ተጠቃሚ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች መራጮች የማንበብና የመጻፍ ፈተና ሲሰጣቸው፣ ማን እንደሚፈተን የሚወስነውም መልሱን የሚያርመውም ነጩ መዝጋቢ ስለነበር፣ የተማሩ ጥቁሮች እየወደቁ ያልተማሩ ነጮች ያልፉ ነበር፤ ይህን የገታው በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ነው።

ፊደል መቁጠርና ማሰብ አንድ አለመሆናቸውን ለማየት ሽንሌ ጥሩ ማስረጃ ትሆናለች። ዛሬ ሲቲ በሚባለው በዚህ የሶማሌ ክልል ዞን የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች ሄር ኢሳ በተባለ፣ ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፍ ሕግ ሲተዳደሩ የኖሩ ናቸው፤ ዩኔስኮም ይህን ሕግ በ2024 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለጉዳቱ የሚከፈለውን ግመል ቁጥር ሲተምኑ፣ የቀደመ ፍርድ እያነሱ ሲሟገቱና በመጨረሻ ሲስማሙ፣ የሚያገላብጡት ወረቀት የለም። የሶማሊያ መንግሥት ለሶማሊኛ የላቲን ፊደልን በይፋ ያጸደቀው በ1972 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በሶማሊኛ የማንበብ ፈተና ለመራጭነት መስፈርት ቢደረግ ኖሮ እነዚህ የሕግ አዋቂዎች ከደጅ በቀሩ ነበር። ሄር ኢሳ ራሱም አጥር አልባ አይደለም፤ በሸንጎው የሚቀመጡት ወንዶች ብቻ ናቸው፣ ይህ ደግሞ ከብልህነት ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር የለም።

በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲመርጥ ፈቅዷል። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገርም በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የተወዳዳሪው ምልክት ይታተማል፤ የኢሕአዴግን ንብ ለመለየት ማንበብ ማወቅ አላስፈለገም። የሽንሌን አርብቶ አደር ከመዝገብ ሊያስቀር የሚችለው ሌላ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ዝናብ ተከትሎ ከሐዲጋላ ወደ አይሻ፣ አልፎም ወደ ጅቡቲ ከብቱን የሚነዳ ሰው ግን ይህን መስፈርት ማሟላቱን በምን ያስረዳ? ብልህነቱን ማንም ሳይጠራጠር፣ ቤቱ ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ብቻ ከመዝገብ ውጭ ሊሆን ይችላል።

የምርጫ ሕጉ ለአእምሮ ሁኔታ በር የከፈተው በአንድ ቦታ ነው፤ ይኸውም በአእምሮ ሕመም ምክንያት የመወሰን አቅም የሌለውን ሰው ከመራጭነት ያስቀራል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም የሚያካትተው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 29 የፖለቲካ ተሳትፎን ለእነርሱም ያረጋገጠ በመሆኑ፣ ይህ በር ሰፍቶ ሊነበብ አይገባውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ውሳኔ ለምርጫ ጣቢያ መዝጋቢ ግምት መተው የለበትም፤ የሐኪም ማስረጃ ቀርቦለት ፍርድ ቤት ይወስን። እውቀት የሚጠየቅ ከሆነም ከእጩው ይጠየቅ፤ የምርጫ ቦርዱም ምዝገባው ሳይጀመር የድምፅ አሰጣጡን በሶማሊኛ፣ ከብቶች ውኃ በሚጠጡበት ስፍራ ድረስ ሄዶ ያስረዳ፤ በጉዞ ላይ ላሉትም የስድስት ወሩን መስፈርት የሚያሟሉበትን መንገድ ያብጅላቸው።