ተሳቢ የሚገራው በሚዛን ነው

በምሥረታ በዓሉ ላይ ለአባላትና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር





የምሥረታ በዓል በተከበረ ቁጥር የተሸጠው ኩንታል፣ የተከፋፈለው ትርፍና የተሠራው መጋዘን ይነገራል። ምርቱ ከመጋዘን ወጥቶ ሸማቹ ዘንድ እስኪደርስ በመንገድ ላይ የሚያሳልፈው ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። ሀብትም ሆነ የሰው ሕይወት ሊጠፋ የሚችለው ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው። በመሆኑም ይህ ንግግር በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኩራል፤ ይኸውም በቤት መኪናና በፒክአፕ ኋላ ታስሮ ስለሚጎተት ትንሽ ተሳቢ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ የአዲስ አበባ የምዕራብ በር ነው። የበቾ ጤፍ በቱሉ ቦሎ፣ በሰበታና በዓለም ገና አድርጎ ዓየር ጤና ይደርሳል። የአምቦና የሆለታ ምርት በቡራዩና በአስኮ በኩል ይገባል። ትልቁን ጭነት የሚያመጣው የጭነት መኪና ቢሆንም፣ የመጨረሻውን አጭር ጉዞ አህያ፣ ጋሪ፣ ፒክአፕና አንዳንዴም ተሳቢ ይጋሩታል። አካባቢው ከእንጦጦና ከወጨጫ ተራሮች ግርጌ የተዘረጋ በመሆኑ ዳገቱና ቁልቁለቱ ብዙ ነው። መንገዱን የሚጠቀመውም በአብዛኛው እግረኛ ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ሲታሰብ፣ ከቁጥጥር ውጪ የሆነ ተሳቢ ማንን እንደሚያገኝ ግልጽ ነው።

የተሳቢ አደጋ የሚጀምረው በመንገድ ላይ ሳይሆን በሚጫንበት ቦታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደት ነው። በአውሮፓ አገሮች ሕግ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ ደግሞም ከጎታቹ መኪና ክብደት ግማሽ እንዳያልፍ ተወስኗል። ይህ ልክ ለማንኛውም አገር ጥሩ መመሪያ ይሆናል። ባዶው 250 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ቢኖር የሚሸከመው 5 ኩንታል ጤፍ ነው ማለት ነው። “ሦስት ኩንታል ቢጨመር ምን አለበት?” ከተባለ ጠቅላላው 1050 ኪሎ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ የሚያቆመው የመኪናው ፍሬን ብቻ ነው። ብዙ ትናንሽ የቤት መኪናዎች ደግሞ ከ750 ኪሎ ያነሰ ነው የሚፈቀድላቸው። ልኩ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ስለሚገኝ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የጭነቱ አቀማመጥ ነው። አህያ የሚጭን ገበሬ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ይጠነቀቃል። ተሳቢም እንደዚያው ነው። ከባዱ ጆንያ ወደ ኋላ ከተደረደረ የተሳቢው ጫፍ የመኪናውን ኋላ ወደ ላይ ያነሣል፤ ፍጥነት ሲጨመርም ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የመኪናው ፊት ቀሎ መሪው አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ከባዱ ጭነት ከጎማዎቹ በላይና ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጣል፤ ከፍ ብሎ አይከመርም። በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ገደማ ቢሆን መልካም ነው፤ ለ750 ኪሎ 75 ኪሎ ማለት ነው። መኪናው የሚፈቅደው ከዚህ ካነሰ ግን የሚከበረው የመኪናው ልክ ነው።

ይህን ለማወቅ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ማኅበሩ እህል የሚመዝንበት ሚዛን ይበቃል። የተጫነው ተሳቢ በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ። የፊት ዘንጉ በሚዛኑ ላይ በቆመ ጠንካራ እንጨት ላይ፣ በጋንቾው ከፍታ ልክ ያርፋል። ከተነበበው ላይ የእንጨቱ ክብደት ሲቀነስ መልሱ ይገኛል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ሦስተኛው ማያያዣው ነው። ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበር ያሰረበትን ምራን ሳይፈትሽ በሬዎቹን አይነዳም። ተሳቢም በገመድ ወይም በሽቦ አይታሰርም። ጋንቾው መቆለፉ፣ ብሎኖቹ አለመላላታቸው ይታያል። ሁለት የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከዘንጉ ሥር ተጠላልፈው ይታሰራሉ፤ ማያያዣው ቢለቅ ዘንጉ አስፋልት ከመምታት ይልቅ በሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል። የጎማው ነፋስ፣ የፍሬን መብራቱና ፍሬቻው ይፈተሻሉ።

ጉዞው ሲጀመር ዳገቱም ቁልቁለቱም ዋጋ ይጠይቃሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል አካባቢ ካለው ኃይል ከአንድ አምስተኛ በላይ ያጣል። በቁልቁለት ደግሞ ፍሬን እንደተረገጠ ከተወረደ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይላል። መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ጉልበት እየያዙ በዝግታ መውረድ ነው። ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ተሳቢው መወዛወዝ ቢጀምር መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሣት እንጂ፣ መሪ ማወናጨፍም ሆነ ፍሬን በድንገት መርገጥ አይገባም። መኪናው ከተበላሸም ማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ከኋላ ይቀመጣል፤ ጎማ ያገደው ድንጋይም ሲነሡ ከመንገድ ላይ ይነሣል። የተረሳ ድንጋይ በማታ ሌላ ሰው ይገድላል።

ከሁሉ በላይ ግን በጭነቱ ላይ ሰው አይቀመጥ። በበዓል ዋዜማ ሥራ ሲበዛ ጫኝና አውራጁ ወጣት በጆንያው ላይ ተቀምጦ መሄዱ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ተሳቢ ሲገለበጥ ጤፉ ቢፈስ በሌላ ዓመት ይዘራል፤ ልጁን ግን የሚተካው የለም። ለእርሱ በመኪናው ውስጥ ቦታ ከሌለ በታክሲ ይሂድ፤ የታክሲው ሒሳብም ከማጓጓዣው ወጪ ጋር ይታሰብ።

“ሁለት ጊዜ መመላለስ ነዳጅ ያስጨርሳል” የሚል አባል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያስጨርሳል። ይሁንና የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው፣ የተረፈው ነዳጅ ከአንድ አደጋ ወጪ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ማኅበራት ማንኛውም ተሳቢ ሳይመዘን ከመጋዘን እንዳይወጣ በጠቅላላ ጉባኤ ቢወስኑ፣ የወረዳና የትራንስፖርት ኃላፊዎችም በየብየዳ ቤቱ የሚሠራ ተሳቢ እንደ መኪናው ሁሉ እንዲመረመር ቢያደርጉ፣ የዚህ በዓል ስጦታ ይሆናል። ኅብረት ሥራ ማኅበር ለገበሬው በሐቀኛ ሚዛን ታምኗል። ያው ሚዛን ለመንገደኛውም ሕይወት ይዋል።

መልካም የምሥረታ በዓል!