በፈረሱና በፈረሰኛው መካከል ያለው ክፍተት



ከሬዚን የተሠራ የፈረስና የፈረሰኛ ሞዴል በጠረጴዛ ጥግ ላይ የሚቆም ትንሽ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት የንግግር ርእስ መሆኑ በመጀመሪያ ሲሰሙት ሊያስገርም ይችላል። ይሁን እንጂ በትልቁ ሥራ ላይ ከልስንና ከቀለም በታች ተሸፍኖ የሚቀረው ጉዳይ በትንሹ ሞዴል ላይ ገሃድ ሆኖ ይታያል፤ ይኸውም ሁለት ክፍሎች አልገጥም ባሉ ጊዜ ሠሪው የሚወስደው ውሳኔ ነው። ክፍተቱን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ ማሳለፍ ይችላል። ወይም ክፍተቱ ከየት እንደ መጣ መርምሮ ምክንያቱን ማረም ይችላል። የዚህ ንግግር አሳብ ባጭሩ ሲነገር፣ ክፍተት ከመሞላቱ በፊት መነበብ አለበት የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሞዴሉ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀራፂው መጀመሪያ አንድ ዋና ቅርጽ ያዘጋጃል። በዚህ ቅርጽ ላይ ፈሳሽ ሲሊኮን ፈስሶ ሲረጋ ፎርማ ይሆናል። በፎርማው ውስጥ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚሰጡት ፖሊዩሬቴን ሬዚን ይቀዳል፤ በጥቂት ደቂቃዎችም ውስጥ ሙቀት እያወጣ ይጠነክራል። የፈረሱ አካል፣ የፈረሰኛው ጭን፣ ኮርቻውና ክንዶቹ ብዙውን ጊዜ በየራሳቸው ፎርማ ለየብቻ ይቀዳሉ። ወፍራሙ ክፍል ከቀጭኑ ይልቅ ስለሚሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተረው መጠንም ከቀጭኑ ጋር እኩል አይሆንም። ከዚህም የተነሣ በዋናው ቅርጽ ላይ በትክክል ይገጥሙ የነበሩ ክፍሎች በቅጂው ላይ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ክፍሉ በደንብ ሳይጠነክር ከፎርማው ከወጣ ይጣመማል። የፎርማው ሁለት ግማሾች በትክክል ካልተጋጠሙ በስፌቱ መሥመር ላይ ደረጃ ይወጣል። ፎርማው ብዙ ጊዜ ካገለገለ ይቀደዳል፤ በተቀደደበትም ስፍራ ትርፍ ሬዚን ይበቅላል። ሬዚኑ የተቀዳበት ጉቶ በደንብ ካልተቆረጠም ክፍሉን ከመቀመጫው ያነሣዋል። እነዚህ ሁሉ ለዐይን የሚሰጡት ምልክት አንድ ነው፤ እርሱም ክፍተት ነው። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ስቱኮ ለሁሉም አንድ መልስ ይሰጣል፤ ድክመቱም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በ1/16 ልኬት የተሠራ ሞዴል አለ እንበል። እስከ ትከሻው 160 ሴንቲ ሜትር የሚቆም ፈረስ በዚህ ልኬት 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፈረሰኛው ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ ከጭኑ በታች የ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይታያል። ይህ መጠን በጣት ጫፍ የሚናቅ ይመስላል፤ ወደ እውነተኛው ልክ ሲመለስ ግን 3.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ያ ፈረሰኛ በፈረሱ ላይ አልተቀመጠም፤ በአየር ላይ ተንሳፏል ማለት ነው። ክፍተቱ በስቱኮ ቢሞላም ቁመቱ ከሚገባው በላይ ይሆናል፣ እግሩ እርካቡ ላይ አይደርስም፣ ዛቡም ከእጁ ወደ ልጓሙ በትክክለኛው መሥመር አይሄድም። አንዱ ስሕተት ተሸፍኖ ሦስት ይወለዳሉ።

ስለዚህ ምርመራው ከመሬት ይጀምራል። ክፍሎቹ በለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥበው፣ ፎርማው እንዳይጣበቅ የተቀባው ቅባት ይለቅቃል፤ ይህ ካልተደረገ ማጣበቂያም ሆነ ቀለም አይይዝም። ቀጥሎም ፈረሱ በወፍራም መስታወት ላይ ይቆማል። ሦስት ነጥቦች ምን ጊዜም በአንድ ጠለል ላይ እንደሚያርፉ፣ አራተኛው ግን ሊንጠለጠል እንደሚችል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ከተንጠለጠለው ሰኮና በታች ተራ የጽሕፈት ወረቀት እየተነባበረ ይገባል። አንድ ቅጠል ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው፣ የገቡት ቅጠሎች ቁጥር የጥመቱን መጠን ይነግራል።

ከዚያ በኋላ መቀመጫው ይፈተናል። መካኒክ የሞተር ቫልቭ ከመቀመጫው ጋር መግጠሙን በቀለም እንደሚፈትን ሁሉ፣ ሞዴል ሠሪውም ኮርቻውን በስሱ ቀለም ይቀባና ፈረሰኛውን አስቀምጦ ያነሣዋል። ቀለሙ በጭኑ ላይ ያረፈበት ስፍራ የሚነካካው ከፍታ ነው። ክፍተቱ ከፊት ሆኖ ሳለ ምክንያቱ ከኋላ ያለ አንድ ትንሽ ጉብታ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ያ ጉብታ በሞረድ ጥቂት ሲነካ ፈረሰኛው ራሱ ይወርዳል፤ ይሞላ የነበረው ክፍተትም ይጠፋል። መጨመር ያስፈልጋል የተባለለት ሥራ በመቀነስ ተፈጸመ ማለት ነው። በሚሞረድበትና በሚፈገፈግበት ጊዜ ግን የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ በመሆኑ ክፍሉን በውኃ እያራሱ መሥራትና አፍንጫንና አፍን መሸፈን ግዴታ ነው።

እግሩ ወይም ጭኑ የተጣመመ ከሆነ መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ሬዚን በሙቅ ውኃ ውስጥ ይለሰልሳል፤ በተፈለገው ቅርጽ ተይዞ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባም ያንን ቅርጽ ይይዛል። የሚለሰልስበት ሙቀት ግን እንደ ሬዚኑ ዐይነት ይለያያል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሲሆን፣ ይህም ለብዙው ቀጭን ክፍል ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ስለሆነም አስተዋይ ሠሪ የተቆረጠውን ጉቶ አይጥለውም። ጉቶው ከሞዴሉ ጋር አንድ ዐይነት ቁስ ነው፤ በአንድ ጊዜም ተቀድቷል። የውኃው ሙቀትና የሚቆይበት ጊዜ በፈረሱ እግር ላይ ሳይሆን በጉቶው ላይ ይሞከራል። በኮንክሪት ሥራ ከአንዱ ቅልቅል የናሙና ኩብ እንደሚወሰድ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ክብደት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በ1/16 ልኬት ሲሠራ ይዘቱ በ16 ኩብ፣ ማለትም በ4096 ይካፈላል። የሬዚኑ ጥግግት ከእንስሳ አካል ጥግግት እምብዛም ስለማይራራቅ ድፍኑ ሞዴል 122 ግራም ያህል ይመዝናል። የእግሩ ውፍረት የሚሸከምበት ስፋት ግን የተካፈለው በ16 ካሬ ብቻ፣ ማለትም በ256 ነው። ስለዚህ በሞዴሉ እግር ላይ የሚያርፈው ግፊት በሕያው ፈረስ እግር ላይ ካለው አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ይህን ስሌት ይዞ እግሩ አስተማማኝ ነው ማለት ግን ያሳስታል። ሬዚን በተጫነበት ክብደት ሥር፣ በተለይም በሙቅ ክፍልና በፀሐይ በሚመታ መስኮት አጠገብ፣ ከወራት በኋላ ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ተጣሞ የነበረና በሙቀት የተቃና እግርም ዳግመኛ ሲሞቅ ወደ ቀድሞ ጥመቱ ሊመለስ ይከጅላል። በመሆኑም ክብደት ተሸካሚ በሆነው እግር ውስጥ ቀዳዳ ተሰርስሮ የብረት ወይም የነሐስ ሽቦ በኢፖክሲ ይተከላል፤ የሽቦውም ጫፍ ከሰኮናው ወጥቶ በመቆሚያው ውስጥ ይገባል።

መቀመጫው ከታረመ በኋላ አቋሙን መለወጥ የሚፈልግ ሠሪ ሊቀጥል ይችላል። የቆመውን ማስኬድ፣ የቀናውን አንገት ማዞር፣ የፈረሰኛውን ክንድ ማንሣት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፤ ያልገጠመን ነገር አቋሙን መለወጥ ስሕተትን ከቦታ ወደ ቦታ ማዘዋወር ነው።

አንገቱን ለማዞር የሚቆረጠው ከመካከሉ ሳይሆን ከትከሻው አጠገብ ነው። ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ አንገት በ10 ዲግሪ እንዲጎነበስ ከተፈለገ በአንድ በኩል የሚወጣው ሽብልቅ በሰፊው ጠርዙ 4.4 ሚሊ ሜትር ነው። የመጋዙ ጥርስ የሚበላው ውፍረት ከዚህ ላይ ይታሰባል። መጀመሪያ ሽቦው ተተክሎ ክብደቱን ይሸከማል፤ ከዚያ በኋላ የተከፈተው ቦታ በኢፖክሲ ስቱኮ ይሞላና ጡንቻው በላዩ ይቀረጻል። እንግዲህ ስቱኮ ራሱ ጠላት አይደለም። ሸክሙ በሌላ መንገድ መሄዱ ከተረጋገጠ በኋላ ሲመጣ ሥጋና ቆዳ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ሲመጣ ግን የሐሰት አጥንት ነው።

የአቋም ለውጥ ወሰን የሚሰጠው ደግሞ የፈረሱ አፈጣጠር ነው። በዝግታ የሚሄድ ፈረስ እግሮቹን በየተራ ያነሣል፤ የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ። በሶምሶማ ጊዜ የፊት ግራው ከኋላ ቀኙ ጋር፣ የፊት ቀኙም ከኋላ ግራው ጋር ይነሣል። በግልቢያ ላይ ያለውን ፈረስ ደግሞ ሠዓልያን ለብዙ ዘመን አራቱን እግሮች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግተው ሥለውታል። ኤድዋርድ ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 በካሊፎርኒያ በተደረደሩ ካሜራዎች ያነሣቸው ተከታታይ ፎቶግራፎች ግን አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሡት ከሆዱ ሥር ተሰብስበው ሳሉ መሆኑን አሳዩ። ፎቶግራፉ ከታየ በኋላ የተዘረጋውን አቋም መድገም ምርጫ ነው እንጂ አለማወቅ አይደለም።

የቆመ ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን በፊት እግሮቹ ይሸከማል። አንድ የፊት እግር ሲነሣ የክብደቱ ማእከል በቀሩት ሦስት ሰኮናዎች መካከል ባለው ሦስት ማእዘን ውስጥ መውደቅ አለበት፤ አለዚያ ሞዴሉ በሽቦ ቢቆም እንኳ ዐይን ሊወድቅ ነው ይላል። በሁለት የኋላ እግሮቹ የተነሣ ፈረስማ ለትልልቆቹ ቀራፅያንም ፈተና ነበር። በማድሪድ ያለውና እ.ኤ.አ. በ1640 የተፈጸመው የፒየትሮ ታካ የፊሊፕ አራተኛ ሐውልት ሲሠራ ስለ ሚዛኑ ጋሊሌዮ ምክር ሰጥቷል ይባላል። በሴንት ፒተርስበርግ እ.ኤ.አ. በ1782 የተመረቀው የፋልኮኔ ሥራ ደግሞ በፈረሱ የተረገጠውን እባብ ከጭራው ጋር በማገናኘት ሦስተኛ ድጋፍ አግኝቷል። በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1853 የቆመው የክላርክ ሚልስ የአንድሩ ጃክሰን ሐውልት ግን በኋላ እግሮቹ ሚዛን ብቻ ይቆማል። ሦስቱም አንድን ችግር በሦስት መንገድ ፈትተዋል፤ አንዳቸውም ችግሩ እንደሌለ አላስመሰሉም።

በአገራችንም በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ፈረሱን የፊት እግሮቹን አንሥቶ ያሳያል። በወረራው ዘመን ከስፍራው ተነሥቶ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆሟል። በዚያ በኩል የሚያልፍ መሐንዲስ የነሐሱ ክብደት በየት በኩል ወደ መሠረቱ እንደሚወርድ ቆም ብሎ ቢመለከት ጊዜውን አያባክንም።

ፈረሰኛውም ቢሆን ከዚህ ሕግ አይወጣም። ተረጋግቶ በተቀመጠ ፈረሰኛ ላይ ከጆሮው የሚወርድ ቱንቢ በትከሻውና በዳሌው በኩል አልፎ ተረከዙ አጠገብ ያርፋል። ፈረሱ ሲነሣ ፈረሰኛው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ስለዚህ የፈረሱ አቋም ከተለወጠ የፈረሰኛውም ወገብ መለወጥ ግድ ነው። የውጭውን ፈረሰኛ ወደ ጥንቱ የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ለመለወጥ የሚፈልግም ልብሱን ብቻ ቢቀይር አይበቃም። የአውሮፓው ፈረሰኛ የጫማውን ሶል በእርካቡ ላይ ሲያሳርፍ፣ ባዶ እግሩን የሚጋልበው የአገራችን ፈረሰኛ ትንሹን እርካብ በአውራ ጣቱ ይይዝ ነበር። ለዚህም ከመጽሐፍ ይልቅ ሕያው ፈረስ ያስተምራል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ የሚደረገውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የተመለከተ ሰው አቀማመጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በመጨረሻም ሥራው ወደ መስታወቱ ይመለሳል። ከእያንዳንዱ ሰኮና በታች አንድ ቅጠል ወረቀት ይገባና ይሳባል፤ አራቱም እኩል ከያዙ ሞዴሉ ለቀለም ዝግጁ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ በመቀመጫው የታረመውንና በስቱኮ የተሸፈነውን መለየት አይቻልም፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን የሚያወጣው ጊዜ ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ በልስን ሲሸፈንና መሠረቱ ሲመረመር ያለው ልዩነትም ይኸው ነው፤ ግድግዳው ግን የሚወድቀው በጠረጴዛ ላይ አይደለም። የማይታየውን መጋጠሚያ እንደሚታየው አድርጎ የመሥራት ልማድ በትልቁ ሥራ ላይ በድንገት አይገኝም። ስሕተቱ ማንንም በማይጎዳበት በትንሹ ዕቃ ላይ ሊለመድ ይችላል፤ እዚያው ላይ ሊጠፋም ይችላል።