አድራሻ በተለጣፊ ወረቀት ስለ ማተም



ዓምና ከቦሌ ከላክናቸው የጥሪ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ተመልሰው መጡ። ጥፋቱ የእኛው ነበር። በአገራችን ተራ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ሲሆን፣ እኛ ወረዳና የቤት ቁጥር ብቻ ጽፈን ነበር።

ስለዚህ በኤክሴል ሠንጠረዥ ለማዕረግ፣ ለስም፣ ለአባት ስም፣ ለፖስታ ሣጥንና ለከተማ ለየብቻው ዓምድ እንክፈት። የወርድ ዝግጁ አቀራረብ በቤተሰብ ስም ለሚጠራራ አገር የታሰበ ነው፤ በእኛ ልማድ ግን «አቶ» የሚቀድመው የራስን ስም ነውና፣ መስመሩን በገዛ እጃችን እናሰናዳ። የመጀመሪያውን አድራሻ ካስተካከልን በኋላ ለቀሩት እንዲያዳርስ እንዘዘው። ተለጣፊውን ከማበላሸታችን በፊት በተራ ወረቀት አትመን፣ ሁለቱን ደርበን በብርሃን እንመልከት።

ቁጥሩ ባዶ ቢሆንም መኪናው ዝም ብሎ ያትማል፤ መመርመሩ የእኛ ፈንታ ነው። ዘንድሮ የጠራነው ሁሉ ጥሪው ይድረሰው።