የወፍጮ ዘፈንና የተዋስሁት ታሪክ

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ምሽት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት ሁለት ነገር ያጣመረ ነው፤ ይኸውም የባላገር ዘፈን መዝፈንና፣ ሌላ ሰው በደረሰው ልብ ወለድ ላይ ተቀጥላ ታሪክ መጻፍ ነው። የመጀመሪያውን በየሐሙሱ በዚሁ አዳራሽ ስንጮህ ስለምትሰሙን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሁለተኛውን ፈረንጆች ‹ፋን ፊክሽን› ይሉታል። አንድ አንባቢ የወደደው መጽሐፍ ሲያልቅበት አላስችል ይለውና የመጽሐፉን ሰዎች ተውሶ ሌላ ታሪክ ይጽፍላቸዋል። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው አዲስ አይደለም። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ያመጡልንን የ‹ሮሜዎና ዡልዬት› ታሪክ ሼክስፒር ከራሱ አልፈጠረውም፤ አርተር ብሩክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1562 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ረጅም ግጥም ወሰደው እንጂ። ታሪኩ ከብሩክም በፊት በጣልያን አገር ይነገር ነበር።

እኔ የተዋስሁት የሐዲስ ዓለማየሁን ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ነው። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ቢኖር እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነብበው የሰማ ዘመድ አያጣም። የምጽፈው ግን ስለ በዛብህ ወይም ስለ ሰብለ ወንጌል አይደለም። እነርሱን ደራሲው ጨርሰዋቸዋል። የጉዱ ካሣን አንደበት ደፍሮ የሚቀጥል ሰው ካለም ወኔውን አደንቃለሁ፤ እኔ ግን አልሞክረውም። እኔን የያዘኝ አንድ ተራ ጥያቄ ነው። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያ ሁሉ ሰው ሲበላ ሲጠጣ፣ ዱቄቱን ማን ፈጨው?

ስለዚህ አንዲት ፈጪ ፈጠርሁ። ፊታውራሪ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ባሏቸው ገበሬዎች ላይ ሊዘምቱ በተነሡበት ዋዜማ ሌሊቱን በሙሉ ስንቅ ትፈጫለች። ወንድሟ ከገበሬዎቹ ጋር ነው። የምትፈጨው በሶ ነገ በጦረኛው አቁማዳ ገብቶ በገዛ ወንድሟ ላይ ይዘምታል። እንግዲህ ሴትዮዋ ሌሊቱን ዝም ብላ አትፈጭም፤ ታንጎራጉራለች። ምን ብላ? ታሪኬ የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ምርምር የሚሉት አባዜም የያዘኝ ከዚሁ በኋላ ነው።

አንድ ሰው ‹ፈጨች› ብሎ ለመጻፍ ምን ያህል ማወቅ ይበቃዋል? በሶው ከገብስ እንደሆነ፣ ገብሱም አስቀድሞ እንደሚቆላ ማንም ያውቃል። ነገር ግን የታችኛው ድንጋይ ወፍጮ፣ በእጅ የሚያዘው መጅ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላት ሄድሁ፤ 1951 ዓ.ም. የታተመው ነው። ከዚያ የደስታ ተክለ ወልድን ሳላይ መተው ነውር መሰለኝና የ1962ቱንም ከፈትሁ። መዝገበ ቃላት ክፉ ጓደኛ ነው። በ‹መጅ› ገብቼ በ‹መጫኛ› ወጣሁ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ እራትም አመለጠኝ። ገበሬዎቹ እምቢ ያሉት ግብር ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ደግሞ የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን ‹ዝክረ ነገር› አነሣሁ፤ ይህን መጽሐፍ በአንድ ቀን የሚዘጋ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ዛሬ ማስታወሻዬ አራት ደብተር ሞልቷል። ታሪኩ ዐሥራ አንድ ገጽ ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ቁም ነገሩን ያገኘሁት ዘፈኑን ስፈልግ ነው። እስከ ዛሬ ከምናውቃቸው የአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ ቀደምቶቹ ዘፈኖች ናቸው፤ ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. ከነገሡት ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጀምሮ ለነገሥታት የተገጠሙ የውዳሴ ግጥሞች ናቸው። ኢኛሲዮ ጉዊዲ የተባለው ጣልያናዊ ሊቅ በ1889 እ.ኤ.አ. አሳትሟቸዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቋንቋችን ብራና ላይ የወጣው በዘፈን ነው፤ ዘፈኑ ግን የንጉሥ ነበረ። በዚያው ሌሊት ለዚያው ንጉሥ ሠራዊት ስንቅ የፈጨችው ሴት ያለችውን ማንም አልጻፈም። ማርሴል ኮሄን የሸዋን የአማርኛ ስንኞች ሰብስቦ በ1924 እ.ኤ.አ. ማሳተሙን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ያም ቢሆን ለእኔ የጎጃም ወፍጮ ቤት ሩቅ ነው። የመጻሕፍት ቤቱ መንገድ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ ወዲያ ያለው በሰው አፍ ነው።

ባለፈው ክረምት ከደጀን ራቅ ብሎ ወዳለ አንድ መንደር ሄጄ፣ በልጅነታቸው በእጅ የፈጩ አንዲት ባልቴት አገኘሁ። «እማማ፣ የወፍጮ ዘፈን ይንገሩኝ» አልኋቸው። «ተረሳኝ፣ ልጄ» አሉ። መቅረጫዬን ዘጋሁ። የልጅ ልጃቸው ግን ብልህ ነች፤ ከጓሮ የተጣለውን ወፍጮ አሳጥባ መጁን አምጥታ ፊታቸው አኖረችው። ባልቴቲቱ ድንጋዩን አዩና «ባዶ አይፈጭም፤ እህል አምጡ» አሉ። አንድ እፍኝ ገብስ ቀረበ። ጎንበስ ብለው መጁን ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳመላለሱ ዘፈኑ መጣ። በአእምሮአቸው ያልነበረው በክንዳቸው ውስጥ ነበረ። መጁ ወደ ፊት ሲሄድ ግማሹን ስንኝ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ግማሹን ይሉት ነበር፤ ሲደክማቸው ያቆማሉ፤ ሲያቆሙ ዘፈኑም ይጠፋቸዋል። አማቻቸውን ሰደቡ፤ ባላቸውን ሰደቡ፤ ጭቃ ሹሙን በስሙ ጠርተው ሰደቡ፤ ከዚያ ቀና ብለው «ይህን ጻፍኸው እንዴ?» ብለው ሳቁ። የሰደቧቸው ሁሉ ሞተዋል። ቢሆንም ስማቸውን እዚህ አልጠራም።

እኛ በየሐሙሱ ቆመን፣ እጃችንን አጣምረን፣ በክራር የምንዘፍነው ይህንኑ ዓይነት ዘፈን ነው። እንዲያው አንዳንዶቻችሁ ‹ይህ የባላገር ነገር ምን ይሠራልናል› ስትሉ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ቅሬታዬ በራሳችን በዘፋኞቹ ላይ ነው። ዘፈኑን ስናቀርብ ‹የሕዝብ ዘፈን› ብለን እናልፋለን። የማን? የትኛው ቀበሌ? በምን ሥራ ላይ? ለአጨዳ ነው ወይስ ለወፍጮ? ይህ ካልተጻፈ ከዘፈኑ ያገኘነው ቅርፊቱን ነው። የሞተር ወፍጮ መምጣቱን እኔ አልጠላም፤ ሌሊቱን ሙሉ ጎንበስ ብላ ያደረችን ሴት ‹ዘፈንሽ እንዳይጠፋ ፍጪ› የሚላት ሰው ካለ እርሱ ራሱ መጁን ይያዝ። ድንጋዩ ከጓሮ ይጣል፤ ዘፈኑን ግን ከነስሟ እንጻፈው።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። የባልቴቲቱን ስንኝ ወስጄ በፈጪዬ አፍ ላኖረው እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። የእርሳቸው የእርሳቸው ነው። ነገር ግን ልኩን ከእርሳቸው ወሰድሁ። መምህሮቻችን የወል ቤት የሚሉት፣ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ለሁለት የሚከፈለው ነው። ሰንጎ መገን፣ አምስት አምስቱ፣ ለመጁ አጠረብኝ፤ ቡሄ በሉማ የልጆች ሩጫ ነው። ደግሞም ከባልቴቲቱ አንድ ሙያ ተምሬአለሁ፤ ወፍጮ ሲለዝብ እህሉ ያንሸራትታል እንጂ አይፈጭም፤ ስለዚህ ይወቀራል። ሰው ግን ሲለዝብ ይመሰገናል። ብዙ ሌሊት ሰርዤ ደልዤ ፈጪዬ የምትለውን እንዲህ አልሁ፤

ወፍጮው ሲለዝብበት ወቅሮ ያድሰዋል፤
እኔ ስለዝብለት እሰይ ደግ ይለኛል።

ፊታውራሪን ‹እርሱ› ማለቷን አንድ ጓደኛዬ ነቀፈብኝ፤ ‹የቤት ሴት ጌታዋን አትደፍርም› አለኝ። በንግግር አትደፍርም። በግጥም ግን አዝማሪም ንጉሡን ‹አንተ› ይለዋል። ፈጪዋ ጌታዋን ‹እርሱ› የምትልበት ቦታ በዚያ ግቢ ውስጥ ወፍጮው ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ታሪኩን ከዚያ የጀመርሁት።

ሌላ ጓደኛዬ ‹ይህ ሌብነት አይደለም ወይ› ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የደራሲውን መብት ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠብቃል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አሳትሜ ልሸጠው አላስብም፤ በዚህ አዳራሽ የምናነብበው የእርስ በርስ ጨዋታ ነው። ማሳተም የሚሻ ሰው አስቀድሞ ወራሾችን ይጠይቅ።

የቀረኝ የሌሊቱ መጨረሻ ነው። ፈጪዋ በስንቁ ውስጥ አሸዋ ትጨምር ይሆን ወይስ አጥርታ ትፍጨው፣ አልወሰንሁም። ባልቴቲቱን ጠይቄአቸው ነበር። «አሸዋ መጁን ያበላሻል» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። የሚመጣው ሐሙስ ወንዶቹም ሴቶቹም ተራ በተራ በእውነተኛ ወፍጮ ላይ እየፈጨን ልንዘፍን አስበናል፤ ከናንተ መካከል በአያቱ ጓሮ የተጣለ ወፍጮ ያለው ሰው ከነመጁ ቢያመጣልን፣ ገብሱን እኛ እናቀርባለን።