የአጃ ብስኩት ከደረቀ ፍራፍሬ ጋር፦ እንቁላሉ ሳይሸጥ ለልጅ የሚሆን ስንቅ

(በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ለልማት ቡድን አባላት የቀረበ ገለጻ)



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ብስኩት ነው። «ብስኩት የሱቅ ነው፤ ለገበሬ ምን ይሠራለታል?» የሚል ሊኖር ይችላል። እስቲ የገበያ ቀናችንን እናስታውስ። እናት ጠዋት እንቁላሏን ይዛ ትወጣለች። ከሰዓት ስትመለስ እንቁላሉ ተሸጧል፣ ጨውና ሳሙና ተገዝቷል፣ ለልጅ ደግሞ በወረቀት የታሸገ ብስኩት በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። ልጁ ይደሰታል። ሂሳቡን ስናየው ግን እንቁላሉን አውጥተን ያስገባነው ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ነው። ልጁን የሚያሳድገው የቀረው፣ የሚያታልለው የገባው ነው።

ዛሬ የምንማረው እንቁላሉ ከቤት ሳይወጣ ብስኩቱ የሚገኝበትን መንገድ ነው። አጃው ከደጋው ማሳ ይመጣል። ማንጎውና ፓፓያው ከቆላው ጓሮ ይመጣል። ቅቤውና ማሩም ከራሳችን ወይም ከጎረቤት ነው። የሚፈለገው ምጣድና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ለምን እንደምንደክም ልንገራችሁ። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ከሁለት ልጅ አንዱ ማለት ይቻላል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም ለማስቀረት ቃል የገባውም ለዚህ ነው። ብስኩት ብቻውን መቀንጨርን አያስቀርም። ነገር ግን በክረምት ጎተራው ሲሳሳ፣ እናትም አረም ላይ ስትውል፣ ልጅ ከጠዋት ቁራሽ እስከ ማታ እራት ባዶ ሆዱን እንዳይውል ይረዳል።

1. አጃን ከአራስ ቤት እናውጣው

አጃን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሴት ስትወልድ አጥሚቱ ይዘጋጃል፤ ቅንጬውም ይወደዳል። አራስነቱ ሲያበቃ አጃውም አብሮ ይረሳል። በገብሱ ማሳ መካከል የሚበቅለውን ሲናር ደግሞ ብዙዎቻችን ከአረም እንቆጥረዋለን። የአገራችን የአጃ ዓይነት በሳይንሳዊ ስሙ አቬና አቢሲኒካ ይባላል፤ በደጋው ከገብስ ጋር ሲበቅል የኖረ ነው።

አራስን የሚያበረታ እህል በማደግ ላይ ላለ ልጅም ይጠቅማል። አጃ ከስንዴና ከገብስ የበለጠ ቅባት አለው፤ ገንቢ ምግብም በውስጡ ይዟል። አሠሩ ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ ስለሚያዝ ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ የበላው ሰው ቶሎ አይርበውም።

አጃ የምትዘሩ ብዙዎቻችሁ ለከብት መኖ ነው፤ አንዳንዶቻችሁም ከቬች ጋር ቀላቅላችሁ። መኖው ማበብ ሲጀምር ስለሚታጨድ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ ከማሳው ዳር አንዲት ጠባብ መደብ ለይታችሁ አጃውን ብቻውን ዝሩና ፍሬው እስኪደርቅ ተዉት። ከቬች ጋር የተዘራውን ለምግብ አታውሉ፤ የቬች ፍሬ ለሰው ምግብ አይሆንም።

2. ፍራፍሬውን ማድረቅ

በስማዳና በታች ጋይንት ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ማንጎና ፓፓያ ይሰጣል። በደጋው በየጓሮው ኮክ አለ። ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ መድረሱ ነው። የተወሰነው ይበላል፣ የተወሰነው በርካሽ ይሸጣል፣ የቀረው ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ያን የሚበሰብሰውን ነው የምናደርቀው።

- የበሰለ ግን ያልላሸቀ ፍሬ ምረጡ። በንጹሕ ውኃ እጠቡ፤ ላጡ፤ ፍሬ ውስጡን አውጡ።
- የልጅ ትንሽ ጣት ግማሽ በሚሆን ውፍረት እኩል እኩል አድርጋችሁ ቁረጡ። አንዱ ወፍሮ አንዱ ከሳሳ እኩል አይደርቅም።
- ሎሚ ካለ በተጨመቀበት ውኃ ነከር አድርጋችሁ አውጡት፤ መልኩ አይጠቁርም።
- በንጹሕ ወንፊት ወይም ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አስቀምጡት፤ ዝንብና አቧራ እንዳይነካው በስስ ነጠላ ሸፍኑት። ማንጎና ፓፓያ ለዓይን የሚጠቅም ቫይታሚን ኤ የሚሰጥ ቢጫ ቀለም አላቸው፤ ያም በቀጥታ ፀሐይ ይቀንሳል። ነጠላው ከዝንቡም ከፀሐዩም ይከላከላል።
- በቀን አንድ ሁለት ጊዜ አገላብጡት። ጤዛ እንዳያገኘው ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። ፀሐይና ነፋስ ካለ በ2 እስከ 4 ቀን ይደርቃል። ደመና ከገባ እንጀራ ተጋግሮ ባበቃ ለብ ባለ ምጣድ ላይ ይጨረስ።

መድረሱን በእጃችሁ እወቁ። አንዱን ቁራጭ ስታጥፉት እንደ ቆዳ መታጠፍ አለበት፤ ቀዳችሁ ስትጫኑት ውኃ መውጣት የለበትም። ከ10 ኪሎ ትኩስ ማንጎ 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ ይወጣል። «ይህች ብቻ?» አትበሉ፤ የሄደው ልጣጩ፣ ፍሬ ውስጡና ውኃው ነው።

ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። የዕቃው ግድግዳ ላብ ካወጣ አልደረቀም፤ አውጥታችሁ ድገሙት።

3. አጃውን ማዘጋጀት

አጃ ገለባው ከፍሬው ጋር የተጣበቀ እህል ነው። ልጆች «ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ» ብለው የሚተዉት ገለባው በደንብ ሳይወጣ ሲቀር ነው። እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው።

- በጥንቃቄ ልቀሙት። እንክርዳድ እንደሚያዞር ታውቃላችሁ፤ በሕፃን ላይ ደግሞ ይብሳል። የሻገተና የጠቆረ ፍሬም አውጡ።
- በምጣድ በለስላሳ እሳት እያማሰላችሁ አምሱት። ሽታው ሲያውድና ገለባው ሲሰባበር ይበቃል። ማመሱ ገለባውን ለማውጣት ብቻ አይደለም። የአጃ ዱቄት ቅባት ስላለው ሳይታመስ ከተፈጨ ቶሎ ይመርራል፤ እሳቱ ይህን ይከላከላል።
- በሙቀጫ ሸክሽኩት፤ በሰፌድ አንፍሱት። ገለባው እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም።
- ከሦስት እጅ ሁለቱን እንደ ቅንጬ ክኩ፤ አንዱን እጅ ፍጩት። ክኩ ብስኩቱን የሚታኘክ ያደርገዋል፣ ዱቄቱ ያያይዘዋል።

4. ልኬትና አጋገር

አንድ ዓይነት ብርጭቆ ለሁሉም ተጠቀሙ።

- የአጃ ክክና ዱቄት፦ 3 ብርጭቆ
- የስንዴ ዱቄት፦ 1 ብርጭቆ
- የቀለጠ ቅቤ ወይም ዘይት፦ ግማሽ ብርጭቆ
- ማር፦ ግማሽ ብርጭቆ
- እንቁላል፦ 2
- የደረቀ ፍራፍሬ በደቃቁ የተከተፈ፦ 1 ብርጭቆ
- ጨው፦ ቁንጥር

ስንዴው የገባው አጃ እንደ ስንዴ ስለማይሳብ ነው፤ አጃውን ብቻውን ከጋገራችሁት ይፈረፈራል። ለጾም ቅቤውን በኑግ ዘይት ተኩ፤ በእንቁላሉ ፋንታ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ6 ማንኪያ ውኃ ለሩብ ሰዓት ዘፍዝፉ። ሲወፍር እንደ እንቁላል ያያይዛል።

ቅቤውን፣ ማሩንና እንቁላሉን አንድ ላይ ምቱ። አጃውን፣ ስንዴውን፣ ጨውንና ፍራፍሬውን በሌላ ዕቃ ቀላቅላችሁ ጨምሩበት። ሊጡ ቢጠነክርባችሁ ጥቂት ውኃ ወይም ወተት ጠብ አድርጉ። ለግማሽ ሰዓት ሸፍናችሁ አስቀምጡት፤ አጃው እርጥበቱን ይጠጣል። ከዚያ በእጃችሁ እያድቦለቦላችሁ በመዳፋችሁ ጠፍጥፉት፤ ስፋቱ እንደ ሲኒ አፍ፣ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት አይብለጥ።

የሚጋገረው እንጀራ ተጋግሮ ካበቃ በኋላ ነው። ምጣዱ ግሏል፤ አዲስ ማገዶ አይፈልግም። የኮባ ቅጠል አንጥፉ ወይም ምጣዱን በቅባት ወልወል አድርጉ። ብስኩቶቹን ሳታነካኩ ደርድሩና አክንባሎውን ድፉበት። 10 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ግልብጥ አድርጉ፤ እንደገና 10 ደቂቃ ድፉ። ነበልባል አይኑር፤ ፍም ብቻ ይበቃል። እሳት ከበዛ ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ማሩም ቶሎ ይጠቁራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? እዚህም ላይ እንዲሁ ነው።

አሁን ዋናው ምሥጢር። ብስኩቶቹ ከበሰሉ በኋላ ፍሙን ጎትታችሁ አውጡ፤ ብስኩቶቹን ግን በሚቀዘቅዘው ምጣድ ላይ እስኪነጋ ተዉአቸው። የቀረው እርጥበት የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ስትሰብሩት «ቀጭ» ካለ ደርቋል። ከታጠፈ ገና ነው፤ በሚቀጥለው እንጀራ ቀን ድገሙት። በትኩሱ አትክደኑ፤ ላቡ ያሻግተዋል። በደንብ የደረቀ ብስኩት ክዳኑ በሚገጥም ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ለ2 ሳምንት ይቆያል።

5. ለማን፣ መቼና እንዴት

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ምንም አይሰጥም። ከ6 ወር በኋላ፣ ማር ያለበት ምግብ 1 ዓመት ሳይሞላው አትስጡ፤ ማር ትንሹን ሕፃን ሊመርዝ የሚችል ተህዋስ ይዞ ይገኛል፤ መጋገሩም አያጠፋውም። ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ ብስኩቱን በፈላ ወተት አርሳችሁ እንደ ገንፎ በማንኪያ ስጡት፤ ፍራፍሬውንም ፍጩለት፤ ደረቁን ከሰጣችሁት ሊያንቀው ይችላል። ከዚያ በላይ ላሉት በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ በምሳና በእራት መካከል ይበቃል፤ ለትምህርት ቤትም ስንቅ ይሆናል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከልጁ ጋር ትብላ።

ብስኩቱ የሽሮውን፣ የጎመኑንና የወተቱን ቦታ አይወስድም። ልጁ ብስኩት በላ ተብሎ እራት አይቀርበት።

6. በፍጹም የማይደረግ

- መድኃኒት የተቀባ የዘር አጃ ለምግብ አይውልም፤ ቢታጠብም አይጠራም።
- የነቀዝ መድኃኒት የተቀመጠበት ጎተራ ወይም ማዳበሪያ ከያዘው ጆንያ የወጣ እህል ለልጅ አይሆንም።
- የኬሚካል ዕቃ ታጥቦ ለብስኩት ማስቀመጫ አይሆንም።
- የሻገተ ፍራፍሬ ሻጋታው ተጠርጎ አይጋገርም፤ መርዙ ውስጥ ይቀራል። ይጣል።

7. ስለ ገበያ ሁለት ቃል

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን ያቋርጣል፤ መንገደኛ ስንቅ ይገዛል። በወገዳ፣ በአርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስም የገበያ ቀን አለ። በቡድን ሆናችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ መጀመሪያ የወረዳውን የጤናና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች አማክሩ። ሂሳብ ስትሠሩ አጃውን፣ ቅቤውን፣ ማሩን፣ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የእናትን ጉልበትና ሰዓትም ቁጠሩት። ካልተቆጠረ ትርፍ የመሰላችሁ ኪሳራ ይሆናል።

አንድ ነገር አደራ። መጀመሪያ የልጆቹ ድርሻ ይቀመጥ፤ ለገበያ የሚወጣው ከዚያ የተረፈው ነው። ያለዚያ እንቁላሉን መሸጥ ትተን ብስኩቱን መሸጥ ጀመርን ማለት ነው፤ ልጁ ግን እንደ ቀድሞው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

አባቶች፣ ይህ የእናቶች ሥራ ብቻ አይደለም። ሙቀጫው ከባድ ነው፤ ዘነዘናውን ያዙ። ቆጡንም እናንተ ሥሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ወር ከቤታችሁ ስንት እንቁላል ተሸጠ? ስንቱ በልጅ ሆድ ገባ?
2. በመንደራችሁ በብዛት የሚበላሸው ፍራፍሬ ምንድን ነው? በየትኛው ወር?
3. ለፍሬ የሚሆን የአጃ መደብ የት ላይ ትለያላችሁ? ስንት እርምጃ በስንት እርምጃ?
4. በቡድናችሁ ደጋና ቆላ ያላችሁ አጃና ማንጎ እንዴት ትለዋወጣላችሁ?

በሚቀጥለው ስንገናኝ እያንዳንዱ የልማት ቡድን ጋግሮ አንድ ሰፌድ ይዞ ይምጣ። ያረረባችሁም፣ የተፈረፈረባችሁም ይዛችሁ ኑ፤ የምንማረው ከዚያም ነው። ልጆቻችሁንም አምጧቸው፤ ዳኞቹ እነሱ ይሁኑ።