ከመዝገብ የቀረችው መበለት
(ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰበካ ጉባኤያት ከተደረገ ንግግር)



የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ክብርና ደመወዝ መልእክት ጽፈው ነበር። በ2025 የተመረጡት ሊዮ 14ኛም ይህን ስም ሲመርጡ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሥራና በሰው ክብር ላይ ያመጣውን ፈተና አስበው እንደ ሆነ ተናግረዋል። የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምናውቅ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

እኔን ግን አብልጦ የሚያሳስበኝ የእርዳታ መዝገብ ነው። እስካሁን ችግረኛውን የሚለየው ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ያዳላል፣ ይሳሳታል፤ ነገር ግን ይጠየቃል። ነገ ይህን ማሽን ቢሠራውና ስልክ የሌላት መበለት ስሟ ቢቀር፣ «ኮምፒውተሩ ነው» ማለት መልስ አይሆንም። ስለዚህ መዝገቡ ከመጽደቁ በፊት፣ አቤቱታዋን የሚሰማና ስሟን ለመመለስ ሥልጣን ያለው ሰው በቃለ ጉባኤ ይሰየም።